ትንሽ ዕቃ በትልቅ አዳራሽ

እ.ኤ.አ. በ1851 የለንደን ሰው ኮሂኑርን ለማየት ተጋፍቶ ገባና ቅር ብሎት ወጣ። ያኔ 186 ካራት ይመዝን የነበረው ይህ አልማዝ እንግሊዞች ፑንጃብን ሲይዙ ወስደው ለንግሥት ቪክቶሪያ ያበረከቱት ነው። ዝናው ከእሱ ቀድሞ ከተማውን አዳርሷል። ችግሩ የተቀመጠበት ቦታ ነበር። በሃይድ ፓርክ የተሠራው ክሪስታል ፓላስ ከ560 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ጣራውም ግድግዳውም መስታወት የሆነ ሕንጻ ነበር። ብርሃን ከየአቅጣጫው በሚገባበት በዚያ አዳራሽ፣ ወርቅ በተቀባ የብረት ፍርግርግ ውስጥ የተቆለፈው ድንጋይ ከጠርሙስ ስባሪ ብዙም አልተሻለም። ወቀሳው ሲበዛ አዘጋጆቹ ዙሪያውን በጨርቅ ጋርደው ጨለማ ፈጠሩለት፤ ከውስጥ የጋዝ መብራትና መስታወት ደረደሩ። ያኔ አብለጨለጨ። ግርዶሹ ውስጥ ያለው ሙቀት ግን ሰው የሚያስቆም አልነበረም። በዓመቱ የንግሥቲቱ ባል ልዑል አልበርት ድንጋዩን እንደገና አስቆርጠውት ወደ 105 ካራት ገደማ ወረደ።

ኮሂኑር ኤሌክትሮኒክስ አይደለም። ይሁንና ዛሬ በላስ ቬጋስ፣ በበርሊን ወይም በጓንግዡ የንግድ ትርዒት ላይ የጆሮ ማዳመጫ፣ የእጅ ሰዓት ወይም ቻርጀር ይዞ የሚቀርብ ድርጅት የሚገጥመው ፈተና ያው ነው። መኪና ይዞ የመጣ መኪናውን አቁሞ ሰው ይጠብቃል። መዳፍ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ይዞ የመጣ ግን በማይታረቁ ሁለት ርቀቶች መሃል ይገባል። በሃያ እርምጃ ርቀት የሚያልፈው ሰው ዞር ብሎ እንዲያይ ማድረግ አለበት፤ ዕቃው ደግሞ ልብ የሚያሸንፈው ክንድ በሚደርስበት ርቀት ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚፈሰው ለሃያው እርምጃ ነው፤ ለማማው፣ ለስክሪኑ፣ ለመብራቱ። የኤግዚቢሽኖችን ታሪክ መለስ ብሎ ያየ ሰው ግን ገበያውን የቀየሩት ብዙውን ጊዜ ለክንዷ ርቀት የተጨነቁት መሆናቸውን ያስተውላል።

ስልክ ለሕዝብ ሲቀርብ የተሰጠውን ቦታ እንይ። በ1876 አሜሪካ የነፃነቷን መቶኛ ዓመት በፊላደልፊያ በታላቅ ኤግዚቢሽን ስታከብር የሰዉን ዓይን የያዘው ከ12 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የኮርሊስ የእንፋሎት ሞተር ነበር። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ግን ምዝገባው ካለፈው በኋላ የደረሰ ሰው ነው። የወደፊት አማቱ ጋርዲነር ሃባርድ በማሳቹሴትስ የትምህርት ኮሚቴ ውስጥ ስለነበሩ በዚያ በኩል አንዲት ጠረጴዛ ተገኘችለት። ከሰገነቱ ላይ፣ ከደረጃው አጠገብ፣ በትምህርት ቤት ዕቃዎች መሃል። የዓለምን አነጋገር የሚለውጠው መሣሪያ ያረፈው እዚያ ነው።

ሰኔ 25 ቀን እሑድ ነበር፤ አዳራሹ ለሕዝብ ዝግ ነው፣ ዳኞቹ ብቻ እየዞሩ ያያሉ። ቀኑ ሞቃት፣ ዳኞቹም የደከማቸው ስለነበሩ ቤል ጋ ሳይደርሱ ሊያበቁ ተቃርበው ነበር። ያዳኑት አብረዋቸው የሚዞሩት የብራዚሉ ንጉሠ ነገሥት ዶም ፔድሮ ሁለተኛ ናቸው። ቤልን መስማት የተሳናቸውን በማስተማር ሥራው ቦስተን ላይ ተዋውቀውት ስለነበር አይተው ለዩትና ወደ ጠረጴዛው መጡ። ንጉሥ ሲሄድ ዳኛ ይከተላል። ቤል ወደ ሽቦው ሌላኛው ጫፍ ሄዶ ከሼክስፒር ሐምሌት ሲያነበንብ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መቀበያውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሰሙ። ከዳኞቹ አንዱ፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባሉት ዊሊያም ቶምሰንም ተራቸውን ጠብቀው አዳመጡ። ልብ በሉ፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። ሣጥን፣ ሽቦና የብረት ቁራጭ ነው። ዕቃው የተሸጠው ጆሮ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

በ1881 ፓሪስ ላይ በተካሄደው የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ክሌማን አዴር ይህንኑ ነገር አቅዶ ሠራው። የኦፔራው መድረክ ላይ ማይክሮፎን ተክሎ ሽቦውን እስከ ኤግዚቢሽኑ ድረስ ዘረጋ፤ ማዳመጫዎቹን ከዋናው አዳራሽ ጫጫታ ለይቶ ለብቻቸው ክፍል ሰጣቸው። ጎብኚው ሁለት መቀበያ በሁለት ጆሮው ይይዛል፤ ዘፋኙ ከመድረኩ ግራ ወደ ቀኝ ሲራመድ ድምፁም ጭንቅላቱ ውስጥ አብሮ ይራመዳል። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ውጭ ሰልፍ ይሠራል። ሰልፉን ያየ ደግሞ ምን እንዳለ ሳያውቅ ይሰለፋል። ለሃያው እርምጃ የሚሆነውን ማስታወቂያ ሰዎቹ ራሳቸው በነፃ ሠሩት ማለት ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ እዚያው ፓሪስ ኤዲሰን ፎኖግራፉን ሲያሳይ መሣሪያው ላይ የጆሮ ቱቦዎች አድርጎ ሰውን በዙሪያው አቆመ። ፎኖግራፍ ወደ እኛም ቤት መጥቷል። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ድምፃቸውን ቀርጸው ለዐፄ ምኒልክ ላኩ፤ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በተከታዩ ዓመት በድምፅ መለሱ። ለአንድ ትንሽ ዕቃ ከዚህ የበለጠ ማሳያ ቦታ የተገኘ አይመስለኝም።

ራዲዮ ሲመጣ አዳራሹ ራሱ ችግር ሆነ። በታኅሣሥ 1924 የመጀመሪያው የጀርመን ራዲዮ ኤግዚቢሽን በርሊን ላይ ሲከፈት አርክቴክቱ ሃይንሪሽ ሽትራውመር አዳራሹን የሠራው በእንጨት ነው። ብረት የራዲዮ ሞገዱን እንዳያውክ ተብሎ ነው። የማሳያ ቦታ ማለትም ቡዝ ሠሪዎች ሁልጊዜ የሚረሱትን ነገር እሱ አልረሳም፦ ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ አየሩም የቡዙ አካል ነው። የእንጨቱ ዋጋ ግን ከ11 ዓመት በኋላ ተከፈለ፤ በነሐሴ 1935 አዳራሹ ኤግዚቢሽኑ ላይ እያለ ተቃጠለ። ከዚያ በፊት በ1933 ናዚዎች በዚሁ መድረክ በ76 ማርክ የሚሸጠውን የሕዝብ ራዲዮ አቀረቡ። የሞዴሉ ቁጥር 301 ሂትለር ሥልጣን የያዘበትን ጥር 30ን እንዲያስታውስ የተሰጠ ነው። ትርዒት ሁሉ ዕቃ ብቻ እንደማይሸጥ ለማወቅ ይህ ይበቃል።

የአየሩ ጣጣ ከእንጨቱ ጋር አልጠፋም። ሰኔ 2010 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ አይፎን 4ን ሲያስተዋውቅ ስልኩ መድረክ ላይ ገጽ መክፈት አቃተው። ጆብስ ቀልድ ቢጤ ጣል አድርጎ ጥቂት ቆይቶ ምክንያቱን ተናገረ፦ አዳራሹ ውስጥ 570 የዋይፋይ ማሰራጫዎች እየሠሩ ነበር። አብዛኞቹ ተመልካቹ በኪሱ ይዟቸው የገባቸው ናቸው። ወይ ማሳያውን እንተወዋለን ወይ ላፕቶፓችሁን ዝጉ አላቸው። ስለዚህ ዛሬ ሽቦ አልባ ዕቃ ይዞ ትርዒት የሚገባ ልምድ ያለው ሰው ከመብራቱም ከባነሩም በፊት የሚያስበው ስለ ኬብል ነው። ቢሮው ውስጥ በቅጽበት የሚገናኘው ማዳመጫ በሺህ የሚቆጠሩ ብሉቱዝ መሣሪያዎች በሚጮኹበት አዳራሽ ባለቤቱን ሲያሳፍር ማየት የተለመደ ነው።

ለእኔ የቡዝን መልክ በትክክል የለወጠው ዓመት 1955 ነው። የጀርመን ራዲዮ አምራቾች በዚያ ዘመን የሚሠሩት ዕቃ በጥቁር ቡኒ እንጨት የተለበጠ፣ ጠርዙ በወርቃማ መስመር የተከበበ፣ ከቁም ሣጥን የማይተናነስ ነገር ነበር፤ ማሳያ ቦታቸውም እንደዚያው ያጌጠ። የፍራንክፈርቱ ብራውን ኩባንያ ወንድማማቾች አርቱርና ኤርቪን አባታቸው በ1951 ሲሞቱ ድርጅቱን ተረክበው ከኡልም የዲዛይን ትምህርት ቤት ጋር መሥራት ጀምረዋል። ዱሰልዶርፍ ላይ በተካሄደው ኤግዚቢሽን የብራውንን ቡዝ የነደፈው የኡልሙ ኦትል አይኸር ነው። ማማ አልሠራም። ቀጫጭን የብረት ቋሚዎች፣ በመሃላቸው ነጣ ያሉ ሰሌዳዎች፣ ውስጡ የሳሎን ወንበርና ዝቅ ያለ ጠረጴዛ። ራዲዮዎቹ ቤት ውስጥ በሚቀመጡበት ከፍታ ላይ ተቀመጡ። ጎብኚው ቁጭ ማለት ይችላል። ተቀምጦ ደግሞ ቁልፉን መንካቱ አይቀርም። አሠራሩ ዲ55 ተባለ፤ ተፈታትቶ ተጠቅልሎ በሚቀጥለው ከተማ በሌላ ስፋት እንደገና የሚገጣጠም ነበር። ዛሬ በየኤግዚቢሽኑ የምናየው በሰዓታት የሚተከለው የአልሙኒየም ቡዝ የዚህ አስተሳሰብ ልጅ ነው፤ አስቀያሚ የሆነው የሱ ጥፋት አይደለም።

ጃፓኖች ደግሞ ቡዙን ጭራሽ ሰው ላይ አለበሱት። ሶኒ በ1957 ቲአር 63 የተባለውን ትራንዚስተር ራዲዮ ይዞ ሲወጣ የኪስ ራዲዮ ብሎ ነው ያስተዋወቀው። ቁመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሆኖም ከተለመደው የሸሚዝ ኪስ በጥቂቱ ይበልጣል። ከሶኒ መሥራቾች አንዱ አኪዮ ሞሪታ በኋላ እንደተረኩት መፍትሔው ራዲዮውን ማሳነስ ሳይሆን ለሻጮቹ ኪሱ ሰፋ ያለ ሸሚዝ ማሰፋት ሆነ። ሻጩ ከኪሱ መዠረጥ አድርጎ ያወጣዋል፣ መልሶ ይከተዋል። ተንኮል አለበት፤ ግን እንደ ማሳያ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ገዢው ያየው ራዲዮ ሳይሆን ራዲዮ የሚኖርበትን ቦታ ነው።

በ1979ም የካሴት ማጫወቻው ዎክማን ሊወጣ ሲል ሶኒ ጋዜጠኞቹን አዳራሽ ውስጥ አልሰበሰባቸውም። ሰኔ 22 ቀን አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ ቶኪዮ ውስጥ ወደ ዮዮጊ መናፈሻ ወሰዳቸውና ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ዎክማን አደላቸው። መግለጫ ሰጪ የለም። ቁልፉን ሲጫኑ ማብራሪያው በካሴት፣ በስቴሪዮ፣ በየጆሯቸው መጣ። ድምፁ ወደዚያ ተመልከቱ ሲላቸው ለሁለት በሚነዳ ብስክሌት ላይ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ዎክማን እያዳመጡ ያልፋሉ። ከጎን ለሚያይ ሰው ጋዜጠኞቹ ዝም ብለው አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ጎልማሶች ናቸው። በሐምሌ ገበያ ላይ ሲውል ግን ሽያጩ ደከመ፤ በመጀመሪያው ወር የሄደው 3,000 ገደማ ብቻ ነው። የሶኒ ሠራተኞች ማዳመጫውን አጥልቀው በቶኪዮ ባቡሮችና በእሑድ የእግረኛ መንገዶች ላይ እየዞሩ ለሚያዩዋቸው ሰዎች አሰሙ። ለሽያጭ የተዘጋጀው 30,000 ዎክማን በነሐሴ መጨረሻ አለቀ።

ሃያውን እርምጃ የናቀ ሁሉ ያሸንፋል ለማለት አይደለም። ሚያዝያ 1977 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተካሄደው የዌስት ኮስት ኮምፒውተር ትርዒት፣ ገና ጋራዥ ከመልቀቁ ሌላ ታሪክ ያልነበረው አፕል 5,000 ዶላር ከፍሎ ከመግቢያው ፊት ለፊት ያለውን ቦታ ያዘ። ሌላው ተሳታፊ ተራ ጠረጴዛ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ለጥፎ ሲቀመጥ፣ አፕል ጥቁር ከፋይ የለበሰ ጠረጴዛና ከኋላው መብራት የሚያበራበት የፕላስቲክ አርማ ይዞ መጣ። ተሠርተው የተጠናቀቁት አፕል 2 ኮምፒውተሮች ሦስት ብቻ ነበሩ። በአጠገባቸው ግን ብዙ ያለ እንዲመስል ባዶ ካርቶኖች ተቆልለዋል። የፕላስቲክ ሽፋኖቹ ላይ ነጠብጣብ ስለታየ ጆብስ ሠራተኞቹን ሁሉ ሲያስፍቅና ሲያስወለውል አምሽቷል። አርማው ሰዉን ጠራ፤ ሦስቱ ኮምፒውተሮች ደግሞ ቀለም እያሳዩ በእጅ ይነኩ ነበር። ከትርዒቱ 300 ያህል ትዕዛዝ ይዘው ተመለሱ። ሁለቱም ርቀት የተከበረበት ብርቅ ምሳሌ ይህ ነው፤ ባዶው ካርቶን ሳይቆጠር።

ዛሬ ከትልልቆቹ የኤሌክትሮኒክስ ትርዒቶች አንዱ የሆነው ሲኢኤስ በሰኔ 1967 ኒው ዮርክ ውስጥ በሆቴሎች ነው የተጀመረው፤ ወደ 17,500 ሰው ጎብኝቶታል። የሆቴል ክፍል የራሱ ጥቅም ነበረው። በር ይዘጋል። የድምፅ መሣሪያ አምራቾች ለብዙ ዓመታት ከዋናው አዳራሽ ሸሽተው ሆቴል ሲከራዩ የኖሩት ለዚህ ነው። በር በሌለበት አዳራሽ ውስጥ የገቡትን ደግሞ የራሱ ሕግ ጠበቃቸው። የአሜሪካ መደበኛ ቡዝ ጎንና ጎኑ ሦስት ሦስት ሜትር ገደማ ነው፤ የጀርባው ግድግዳ 2.4 ሜትር ያህል እንዲደርስ ይፈቀዳል፣ ወደ ፊት ያለው የጎን ግን ጎረቤትን እንዳይጋርድ ከ1.2 ሜትር ገደማ አያልፍም። ዕቃውን ከማራገፊያው እስከ ቡዙ የሚያደርሱት በአብዛኛው የትርዒቱ ተቋራጭ ሠራተኞች ናቸው፤ ክፍያው በክብደት ነው። ከባዱ የእንጨት ቡዝ ቀርቶ ሁሉም ሰው በአልሙኒየም ላይ የተወጠረ ኅትመት ያለበት ጨርቅ ያደረገው በውበት ፍለጋ አይደለም፤ በዚህ ደረሰኝ ምክንያት ነው። ጨርቁ ላይ ያለው ስልክ የሰው ቁመት ያህላል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ደግሞ በገመድ ታስሮ ተኝቷል። ጥቁር ስክሪኑ ላይ የጣራው መብራት እንጂ ሌላ አይታይም። መብራቱን ከጎን ማምጣት ይህን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም፤ ግን የሚያስበው ጥቂት ነው።

በዚሁ ሲኢኤስ ላይ ጥር 1988 ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ሰው አንዲት የኮምፒውተር ጨዋታ ለመጫወት ተሰለፈ። ተጫወተና ወጣ፤ ተመልሶ ተሰለፈ። እንደገናም። በጃፓን የኮምፒውተር ጨዋታ ነጋዴ የነበረው ሄንክ ሮጀርስ ነው፤ ጨዋታዋም ቴትሪስ። ደጋግሞ መሰለፉ ራሱ ነገር እንዳለበት ነገረው። በተከታዩ ዓመት ሞስኮ ድረስ ሄዶ የኪስ ጨዋታ መብቱን አገኘ፤ በአሜሪካ የኒንቴንዶ ጌምቦይ ቴትሪስን ይዞ ተሸጠ። ቡዙ ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውስ የለም፤ ሰልፉ ነው የሚነገረው።

የእኛ ነጋዴ የሚያውቀው ትርዒት ግን የላስ ቬጋሱ አይደለም፤ ከ1957 ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚካሄደው የጓንግዡ የካንቶን ትርዒት ነው። የመርካቶ አስመጪ ከቦሌ ተነስቶ እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው እያንዳንዱ ዘጠኝ ካሬ ሜትር የሆነ የቡዝ ባሕር ነው። በየግድግዳው ቻርጀር፣ ገመድና ማዳመጫ በመንጠቆ ተንጠልጥሏል፤ መብራቱ ነጭና ጨካኝ ነው። ንድፍ አዋቂ ቢያየው ያማትባል። እኔ ግን ከብዙ ውድ ቡዞች ይልቅ ሥራውን የሚያውቅ ሆኖ አገኘዋለሁ። መሃል ላይ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለ፤ ካልኩሌተር አለ። ገዢው ናሙናውን ያነሳል፣ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ በጣቱ ይጫነዋል፣ ዝቅተኛው የትዕዛዝ ብዛት ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። ጎብኚው አላፊ አግዳሚ ሳይሆን ነጋዴ ነውና ዞር እንዲል መለመን አያስፈልገውም። ያንኑ ዕቃ አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ማዕከል የበዓል ባዛር ላይ ስናገኘው ግን ቦታው ጎን ለጎን ያሉ ሻጮች ስፒከር እየከፈቱ እርስ በርስ የሚደነቋቆሩበት ሆኗል። ማዳመጫ ለመሸጥ ጆሮ ማደንቆር። ጸጥ ያለ ጥግና ሁለት በርጩማ ቢኖረው ከስፒከሩ የሚሻለው ነጋዴ ብዙ ነው።

በተቃራኒው ዕቃውን ማስነካት ጭራሽ የከለከሉ አሉ። ጥር 2007 የመጀመሪያው አይፎን ሳን ፍራንሲስኮ ማክወርልድ ላይ ሲታወጅ፣ በትርዒቱ ወለል ላይ የቀረበው በሚሽከረከር የመስታወት ሲሊንደር ውስጥ ነበር። ሕዝቡ ዙሪያውን ከብቦ ፎቶ ያነሳል። ሊነካው የሚችለው ከሰኔ 29 ጀምሮ፣ ገዝቶ ነው። ሠርቷል። የሠራው ግን መድረክ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል በጣት ሲነካ ሕዝቡ አስቀድሞ ስላየው ነው፤ ሲሊንደሩ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ያለ መድረኩ ሲሊንደሩን ብቻ የቀዳ ትንሽ ድርጅት በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነው የሚቀረው። አፕል ራሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ከማክወርልድ ወጣ። በ2001 በከፈታቸው የራሱ ሱቆች ውስጥ ማንም ገብቶ ዕቃውን ሲነካ ይውላል፤ ለአራት ቀን ቡዝ መክፈል ለምን ያስፈልገዋል?

ዕቃው ደግሞ ማነሱን አላቆመም። ሳምሰንግ በየካቲት 2024 ባርሴሎና ላይ ጋላክሲ ሪንግ የተባለውን ቀለበት ለሕዝብ ሲያሳይ በዘጠኝ መጠን ሠርቶ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ደረደረው። ስክሪን የለውም፤ ድምፅ የለውም። የሚሠራው ባለቤቱ አድርጎት ሲውልና ሲያድር ነው። ይህን በቡዝ ማሳየት እንዴት ይቻላል? ሐምሌ ላይ ሽያጩ ሲጀመር ኩባንያው የሄደበት መንገድ ከቡዝ ውጪ ነው። ገዢው መጀመሪያ ውስጡ ባዶ የሆኑ የፕላስቲክ ቀለበቶች ያሉበት ሣጥን በፖስታ ይደርሰዋል፤ ጣት በቀን ውስጥ ስለሚያብጥና ስለሚከሳ አንዱን መርጦ ለ24 ሰዓት አድርጎ እንዲውልና እንዲያድርበት ይመከራል። ከዚያ መጠኑን ያሳውቃል፤ ዋናው ቀለበት ይላካል።